በእንጀራ የምትሄደው መኪናዬ

አዲስ መኪና ያለው ሰው መስታወቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አሮጌ መኪና ያለውን ሰው ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ለምን ቢባል፣ ሰፈሩ በሙሉ ገፍቶታል።

የእኔዋ መኪና ከእኔ በፊት ስንት ባለቤት እንዳሳለፈች በውል አላውቅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቁጠር ሰልችቶት ከቆመ ቆይቷል፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ያለፈውን ቆጥሮ ምን ይገኛል ብዬ አላስጠገንኩትም። የቀኝ በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ድሮ እጄን ዘርግቼ ለባለቤቴ እከፍትላት ነበር፤ እርሷ ካረፈች ወዲህ በሩን መክፈት አላስፈለገም።

ዋናው ጠባይዋ ግን ጠዋት ጠዋት በቁልፍ አለመነሣቷ ነበር። አፍንጮ በር ካለው ቤቴ ወጥቼ፣ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ፒያሳ ዘልቄ ማኪያቶዬን ለመጠጣት፣ ከረባቴን አስተካክዬ መሪውን እይዛለሁ። ቁልፉን ስጠመዝዘው አንድ ጊዜ አቃስታ ዝም ትላለች። ልብ በሉልኝ፤ በዚህ ጊዜ «ግፉልኝ» ብዬ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ሳልለምን የኖርኩ ሰው ነኝ። ወገቤን ቀጥ አድርጌ ፊት ለፊት እያየሁ እቀመጣለሁ፤ ሰዉ ራሱ ይመጣል።

በመጀመሪያ ከደጄ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ብርሃኑ ሚዛኑን ትቶ ብቅ ይላል። ጋሼ፣ ዛሬም ታማለች? ይለኛል። አልታመመችም፣ እያሰበች ነው እለዋለሁ። ከሱቁ ጥግ ጎመንና ቃሪያ የሚሸጡት ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ የሚሄዱትን ተማሪዎች ይመለምላሉ። «አንተ ረጅሙ! ደብተርህን ለእኔ ስጥና ና ግፋ፤ ቁመት ለመቼ ነው?» ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን በእንጀራ የሚሄድ መኪና ያገኙት ጋሼ ብቻ ናቸው ይላል ብርሃኑ እያለከለከ። ረጅሙም ቁርስ ስላልበላ ከድልድዩ እንደማያሳልፈን ያስጠነቅቃል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሪሲዮኑን እለቃለሁ፤ ሞተሩ ያጓራል። ቆሜ እንዳላመሰግን፣ ቆምኩ ማለት ጠፋች ማለት ነው። ስለዚህ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አሰማለሁ። ምስጋናዬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ፒያሳ አብረውኝ ይጠጡ ከነበሩት ከፊሉ አርፈዋል፤ ከፊሉም ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ማኪያቶዬን የምጠጣው ብቻዬን ነው። ሞተሯ አንዴ ከሞቀ ጨዋ ስለሆነች የምመለሰውም ያለ ገፊ ነው። ያቺ የጠዋት ጨዋታ እንግዲህ እስከ ማታ ስንቄ ነበረች።

በቅርቡ ልጄ ማርታ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሰው ሲገፋኝ አየች፤ አፈረች። አባዬ፣ እርስዎን የሚያህል ሰው የመንገድ መዘባበቻ ይሁን? ብላ መካኒክ አስመጣች፤ ባትሪውም ሞተሪኖውም ተቀየረ። ከእንግዲህ ማንንም አያስቸግሩም ብላ ስማኝ ሄደች። ለእኔ አስባ ነው፤ ምን ይባላል?

በማግሥቱ ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ተነሣች። ብርሃኑ ከሱቁ ቀና ብሎ እጁን አነሣልኝና ወደ ስኳሩ ተመለሰ። ወይዘሮ አልጋነሽም ከተቀመጡበት ሳይነሡ «እሰይ፣ እግዜር ማራት!» አሉ። በልማድ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ባሰማ፣ «ኧረ ምን አደረግናቸው? መንገድ አልዘጋንባቸው!» ሲሉ ሰማኋቸው። እነሆ እኔም እንደ ባለሥልጣን ማለፍ ጀመርኩ። ሰላምታው ከሩቅ ሆነ፤ ቆይቶም ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ። ሳምንቱን በሙሉ ከካፌው አስተናጋጅ በቀር ያነጋገረኝ ሰው የለም፤ እርሱም የሚለኝ «እንደተለመደው?» ብቻ ነው።

ትናንት ጠዋት ከረባቴን አስተካክዬ መሪውን ያዝኩ። ቁልፉን ግን አላዞርኩትም። ወገቤን ቀጥ አድርጌ እንደ ድሮው ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። መዳኗን እያወቀ ማን ይመጣል? ተማሪዎቹ አለፉ፤ ረጅሙም አለፈ። በመጨረሻ መስታወቱን አወረድኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ በእነዚያ ሁሉ የሕመሟ ዓመታት ከአፌ ያልወጣውን ቃል አወጣሁት።

«ብርሃኑ፣ እስቲ ግፉልኝ።»

ብርሃኑ መጥቶ በመስታወቱ ጎንበስ አለ። ያልተነካውን ቁልፍ አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጮኸ። «እትዬ አልጋነሽ፣ ታማለች! ሰው ይመልምሉ!»

ቁልቁለቱ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አሰማሁ።

መካኒኩ እንዳረጋገጠልኝ ከሆነ አዲሱ ባትሪ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ምን ይደረጋል? እስኪያረጅልኝ ድረስ እየለመንኩ መቆየት ነው።