ኮምፕሬሰሬን ያስተካከለልኝ ጎረቤት

ግድግዳ ለሚደበድብ ጎረቤት ምስጋና አቅርባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አቀርባለሁ። አንድ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ሰይድ ሌሊት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ የቤዝ ጊታሬ ድምፅ በድንገት ሲጎላ ግድግዳውን ይደበድባል። «ወላሂ፣ ለባለቤቱ ከነገርሁ ኸላስ፣ ከቤቱ ትወጣለህ» ብሎኛል። ስለዚህ ድንገተኛ ጩኸትን የሚገታ ኮምፕሬሰር አምጥቼ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ በሁለት ገመድ አገናኘሁት። ግን ምን ያህል ይግታ? መመሪያው «እንደ ምርጫዎ» ይላል፤ ምርጫው ግን የሰይድ ነበር። እሱ በደበደበ ቁጥር ማስተካከያውን በጥቂቱ አዞርሁ፤ በመጨረሻ ግድግዳው ጸጥ አለ። ጊታሬን በክብር አስቀምጬ ላመሰግነው ስወጣ፣ ሰይድ ትራሱን ታቅፎ በሬ ላይ ቆሟል።

«አንተ ሰው» አለኝ፣ «ገና እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ለምን አቆምህ?»