ስምንት ጠብታ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «አይነካም» ባይ አለ። ፋይል ይጠብቅ፣ ቁልፍ ይያዝ፣ ፎቶኮፒ ማሽን አጠገብ ይቀመጥ፣ ሥራው አንድ ነው፤ የሌላውን ሰው እጅ መከላከል። ብዙዎቹን አይቻለሁ። የሁሉም አለቃ ግን የሙዚየማችን ቴክኒሻን ነበሩ።

የክቡርነታቸው ሥራ ጥንዚዛና ቢራቢሮ ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ማኖር ነበር። ሬዚን እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ነው። ማጠንከሪያ ጠብ ሲደረግበት እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ውስጡ የገባ ነገር ከዚያ ወዲያ አይወጣም። መጀመሪያ አንድ ንጣፍ ይፈሳል። ሲረጋ ጥንዚዛው ይተኛበታል፤ ሌላ ንጣፍ ከላይ ይለብሳል። በመሃል አንዲት የአየር አረፋ ከገባች ለሳቸው ሐዘን ነው።

እኔ ለዕይታ የሚቀርቡ ዕቃዎች መግለጫ ጸሐፊ ነበርኩ። ቢሮ ስለጠፋ እሳቸው ክፍል ጥግ ተሰጠኝ። የመጀመሪያ ቀን ቦርሳዬን ጠረጴዛቸው ላይ ላስቀምጥ ስል ጮኹ።

«እመቤት፣ አይነካም!»

«ጋሼ፣ ቦርሳ እኮ ነው።»

«ቦርሳ አቧራ አለው። የዛሬ መቶ ዓመት የሚያየው ሰው ‹ይቺ የማን አቧራ ናት?› ይላል። ምን ልበለው?»

የሚያስነጥስ ሰው ኮሪደር ይወጣል። ጉንፋን ይዞኝ ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ጽፌያለሁ። ሽታው ስለሚከብድ መስኮቱ በክረምትም ክፍት ነው፤ ካፖርት ለብሰን እንሠራለን። የጽዳት ሠራተኛዋን በር ላይ ቆመው እንደ ጠረፍ ጠባቂ ይፈትሿታል።

«እኝህ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም አድርቀው ይደረድሩኛል» ትላለች።

«አንቺን? መቼ ዝም ብለሽ ትቀመጪና!»

አንድ ዝናባማ ሐሙስ ጋሼ ዓይናቸውን ሊታዩ ሐኪም ቤት ሄዱ። ዳይሬክተሩ ብቅ አሉ።

«ትልቁ ጥንዚዛ የት ደረሰ?»

ሙዚየሙ ከዚያ ዘር ያለው እሱን ብቻ ነው። የታችኛው ንጣፍ ላይ ተኝቶ የላይኛውን ይጠብቃል።

«ጋሼ ነገ ጠዋት...»

«ነገ ጠዋት እንግዶች ይገባሉ። ዛሬ ይለቅ። ከተበላሸ ደግሞ ያበላሸው ሰው ቅዳሜ እዚህ የለም።»

እኔው አፈሰስኩት። ማጠንከሪያው ለዚያ መጠን አራት ጠብታ ነው፤ ሲቆጥሩ ስንቴ ሰምቻለሁ። በዚህ ብርድ ቶሎ አይደርቅም ብዬ ቸኮልኩ፣ ስምንት አደረግሁ። ሬዚኑ ጋለ። እጄን ሳስጠጋ ፈጀኝ። ከዚያ «ቀጭ» አለና ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ በጥንዚዛው ጀርባ ላይ አለፈ።

ጋሼ አመሻሹ ላይ ተመለሱ። ሐኪሙ ዓይናቸው ውስጥ መድኃኒት ጨምሮባቸው ሁሉም ነገር ብዥ ብሎባቸዋል። ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስንት አደረግሽ?»

«ስምንት።»

«ስምንት! ሻይ መሰለሽ እንዴ፣ በስኳር የምታጣፍጪው?»

 ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ፤ ሄጄም የሥራ ማመልከቻ ስጽፍ አመሸሁ።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ክፍሉ መሃል ቆሙ።

«ማነው የነካው?»

አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«ማታ ተመልሼ አፈሰስኩት። እዚህ ክፍል ውስጥ ከኔ በቀር ማን ይነካል?»

ማን ሊጠራጠር? በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው። ላመሰግናቸው ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ አረፋ እየተመለከቱ ነበር።

ባለፈው ወር ወደ ሙዚየሙ ጎራ አልኩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። የሠሯቸው ሬዚኖች በዕድሜ ብዛት ቢጫ ብለዋል። አዲሷ ቴክኒሻን የሥራ መዝገባቸውን አሳየችኝ፤ ለእያንዳንዱ ጥንዚዛ አንድ መስመር፣ በማስመሪያ የተጻፈ የሚመስል ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ። ትልቁን ፈልጌ አገኘሁት። «ጠብታ፦ ስምንት። ተሰነጠቀ። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

ያ መስመር ብቻ ጠማማ ነው። ፊደሉ ከፊደል ላይ ወጥቷል፣ ፊርማው ከገጹ ሊወድቅ ደርሷል። ዓይናቸው ሳይጠራ የጻፉት ነው። ቀኑን አየሁት፤ ሐሙስ ይላል። ማንም ገና ሳይጠይቃቸው።