ሱቅ የገፋን ዕለት

የተቀመጠ ነገር መቀመጥ ይወዳል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ እኔም ብዙ አልቆየሁም። የተኛ በሬ አስነስታችሁ ታውቃላችሁ? ነፍስ የሚያወጣው ማስነሳቱ ነው፤ አንዴ ከተነሳ መሄዱን ራሱ ያውቅበታል። ለቅሶ ቤት ጥግ የያዘ ሰውም እንደዚያው ነው። ድንጋይም፣ ግንድም፣ ኩርፊያም።

ሰው ፊት ብዙ አላወራም። ልጆቼ «አባባ ቃል የሚያወጣው እንደ ዘር እየቆጠረ ነው» እያሉ ያሙኛል። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ ስለሌለ ልቀጥል።

ልጄ የሺ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ከጎጃም ወጥታ፣ መርካቶ በርበሬ በረንዳ አጠገብ አንዲት የብረት ሱቅ አቆመች። ለቅመም ነጋዴዎች ባዶ ጆንያ ትሸጣለች። ሱቅ ስላችሁ ትልቅ አይምሰላችሁ፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚገበያየው። አንድ አርብ ልጠይቃት ብመጣ፣ ጆንያዋን ሁሉ አውጥታ፣ ባዶ ሱቅ ፊት ቆማ አገኘኋት። መንገዱ ዳር የውሃ ቦይ ሊቆፈር ነው። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል፤ ቆፋሪዎቹ ከሰዓት ሲመጡ መስመሩን ያላለፈ ሱቅ በመኪና ተጭኖ ይወሰዳል ተብሏል። የየሺ ሱቅ መስመሩ ላይ ጉብ ብላለች። እሷ ተጫነች ማለት የልጄ እንጀራ አብሮ ተጫነ ማለት ነው።

መርካቶ ጨካኝ ነው የሚሉ ሰዎች መርካቶ ሱቅ ሲገፋ አላዩም። «ኧረ አግዙን!» ሲባል ሚዛኑን ጥሎ ያልመጣ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል፤ የብረት ሱቅ ግን ሎሚ አይደለም። አንዱ «ያ አላህ!» እያለ በዚያ ጥግ፣ ሌላው «እመቤቴ ድረሽ!» እያለ በዚህ ጥግ ገፋ። ሱቋ ሁለቱንም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ያኔ አፌን ከፈትኩ። «ውሃ አምጡ» አልኩ። በእኛ አገር ከባድ ግንድ ሲጎተት መንገዱን ውሃ እናጠጣለን፤ ጭቃው ያሟልጭና ግንዱ እንደ እባብ ይሾልካል። ውሃው በባልዲ መጣ፣ ፈሰሰ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

እግራችን ሁሉ ወደ ኋላ ሄደ። ሱቋ እዚያው።

ለካ ግንዱን የምንጎትተው ከፊት፣ ደረቁ ላይ ቆመን ኖሯል። እዚህ የሚገፋው ከኋላ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሱቅ እግርና የሰው እግር አይለይም። አንድ ኩሊ በደረቱ እንደተኛ ቀና ብሎ፣ «ፋዘር፣ የሚያንሸራትቱት ሱቋን ነው ወይስ እኛን?» አለኝ። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። የሺ እንኳ ከነጭንቀቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ አንድ ሰው መቆጣት ነበረበት።

የሺ ሳቋን ሳትጨርስ የምትሸጠውን ጆንያ እየጎተተች ከገፊዎቹ እግር ስር፣ ጭቃው ላይ አነጠፈችው።

«አባባ፣ ውሃው ለሱቋ ይሁን። እኛ የምንቆምበት ይሻክር።»

ጆንያው ጭቃውን ያዘ፣ እግራችን ጆንያውን ያዘ። እኛ ወላጆች ስንመርቅ «መንገዱን ያለስልስልሽ» እንላለን። ሁሉ ነገር ቢለሰልስ ልጅቷ ምኑን ረግጣ ትገፋለች? ይህን እያሰብኩ ሳለ ሱቋ ሲጥጥ አለች፤ ነቅነቅ አለች፤ ከዚያ ሄደች!

«በቃ! በቃ!» ብንል ማን ሰምቶን። እርጥቡ ላይ እየተንሸራተተች መስመሩን አለፈች፤ አልፋም ከመስመሩ ወዲያ ያለውን የሐጂ ነስሩን የቅመም ሱቅ ደጅ ግማሹን ዘግታ ቆመች። ሐጂ ደግሞ ያን ጊዜ ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ ነበር። መልሰን እንዳንገፋ ክንድ አልቀረንም፤ የቆፋሪዎቹም መኪና ከወዲያ ብቅ ብሏል።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንመልሳታለን» አለች የሺ።

ሐጂ ሱቋን አዩ፣ ጭቃ የለበሰውን ሰው ሁሉ አዩ፣ ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ።

«ወዴት ነው የምትመልሻት? ጆንያ ባለቀብኝ ቁጥር ሱቄን ትቼ የምወጣ ሰው ነኝ። አሁን ከተቀመጥኩበት እጄን መስደድ ነው። ተይ ልጄ፣ ትቀመጥ።»

ተቀመጠች። ሐጂ ነስሩም ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ሱቃቸው የሚገቡት በጎናቸው ነው።