አቧራ ፈላጊዋ

አቧራ ፍለጋ ቆቦ ድረስ የሚመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ተመራማሪ ናት። ልጄን ነፋስ በተነሳ ቁጥር ትንፋሽ ስለሚያጥራት፣ አቧራ የሚይዝ መሣሪያዋን ጣሪያችን ላይ ሰቀለች። ተመልሳ ልትመጣ ስትል፣ መቼም እንግዳ በአቧራ አይቀበሉ፣ ግቢውን ጠርጌ ውሃ ረጭቼ፣ የመሣሪያዋንም ነጭ ማጣሪያ በሳሙና አጥቤ ጠበቅኋት።

«እትዬ፣ አቧራዬን አጠቡብኝ?» ብላ ሳቀች።

«አቧራሽን ተይው፤ ልጄ ትተርፍልኛለች?» አልኳት።

ሳቋን ዋጠች። «አላውቅም እትዬ። የምትተነፍሰውን ሳልለይ ተስፋ ብሰጥዎ መዋሸት ነው።»

ጎረቤቱ ሁሉ «ቡዳ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይላል፤ የማያውቅ የለም። ያን ሁሉ ተምራ አላውቅም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ሰው አይደነቅም? አዲስ ማጣሪያ ይዛ ስትወጣ፣ መሰላሉን ያዝኩላት።