እትዬ ትራይንቼ ባሉበት ኬክ አይዋጥም

ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራውን ነገር እንደ አዋጅ ነጋሪ የሚለፍፍ አንድ ሰው ከየሰፈሩ አይጠፋም። ለእኛ በኔዘርላንድ ለዝቮለ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ትራይንቼ ናቸው። ጡረታ የወጡ የዋና አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ገና ከገንዳው አልወጣም።

ልደት ሲሆን ወንበር በክብ ተደርድሮ እንቀመጣለን፤ ማምለጫ የለም። እትዬ ትራይንቼም ሁሉም ኬኩን የጎረሰበትን ሰዓት ጠብቀው ይጀምራሉ። "ከዚያ ነገር በፊት እጅ ይታጠባል፤ ከዚያ ነገር በኋላ ሽንት ይሸናል።" አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ትን ብሏቸው ጀርባቸውን ስንመታ እንኳ አላቋረጡም፤ ከኋላ ወደ ፊት የሚዞር ሰው ኮንዶሙን ይቀይር፣ ሴትም ውስጧን በሳሙና አትጠብ ብለው ነው የጨረሱት። እንዳይጠሩ ደግሞ ጎረቤት ናቸው።

እኔና ፍቅረኛዬ ሩርድ በተዋወቅን በጥቂት ወራችን ኮንዶም መጠቀም ለመተው አስበን ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልንም። እትዬ ትራይንቼ ግን በእናቱ ልደት ላይ ከክቡ ማዶ አፍጥጠው አዩንና፣ "ልጆቼ፣ ተመርምራችኋል?" አሉ። ሩርድ ምንም አያመንም አላቸው።

"የሚያስፈራው የማያመው ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያው ሳምንት፣ ከምላሳቸው ለመገላገል ስንል ብቻ፣ ሄደን ተመረመርን። እኔ ላይ ክላሚዲያ የሚሉት የአባላዘር በሽታ ተገኘ፤ ከቀድሞ ጓደኛዬ የያዘኝ መሆን አለበት። ሐኪሟ ሳይታከም ቢቆይ ልጅ ሊያስከለክል ይችል እንደነበር ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እናት ከመሆን የሚበልጥ ምኞት አልነበረኝም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ እስክድንም ከዚያ ነገር ታቀብን፣ ዳግም ስመረመር ነጻ ሆንኩ።

ባለፈው ሰሞን ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ በአገራችን ሴት ልጅ ስትወለድ የሚቀርበውን፣ ሮዝ ስኳር የተቀባ ፍሬ የተነሰነሰበትን ብስኩት ለአራስ ጠያቂው ሲያዞሩ እትዬ ትራይንቼ ገቡ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ሕፃኗን አቀፉና፣ ቁስሉ ሳይድን ወደዚያ ነገር አትቸኩሉ ማለት ጀመሩ።

"ኧረ እባክዎ፣ አራስ ፊት?" አሉ አማቴ ቀልተው።

"ይተዉአቸው እማማ። ከፈጣሪ ቀጥሎ ይህችን ልጅ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።"

እትዬ ትራይንቼ ሕፃኗን እንደታቀፉ እንባቸው ወረደ። አልጋዬ ላይ ፈቀቅ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸውና፣ "ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው" አልኳቸው።