እባካችሁ፣ ተጫረቱብኝ

ጨረታ ለእኛ አልተፈጠረም። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ ሳልናደድ ብናገረውም ግን ያው እውነት ነው። ጨረታ ይሉኝታ ለሌለው ሰው የተሠራ ነገር ነው። ጎረቤትህ «ይህን ዕቃ እፈልገዋለሁ» ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ፣ አንተ ዓይንህን በጨው አጥበህ «እኔ ከእሱ አብልጬ እፈልገዋለሁ» ትላለህ። እሱ ይጨምራል፣ አንተ ትጨምራለህ፤ በመጨረሻ አንዳችሁ ዕቃውን፣ ሌላችሁ ቂሙን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። ታዲያ ይህን ሥራ ቦንጋ ውስጥ ማን ይችለዋል? እዚህ እኮ ሰው የባጃጅ ሒሳብ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ ልክፈል» እየተባባለ እጅ ለእጅ የሚተናነቅበት ከተማ ነው። ለመክፈል የሚጣላ ሕዝብ፣ ለመውሰድ ተጣላ ቢሉት ከየት ያመጣዋል?

የሆነ ሆኖ ዘመኑ ነውና ጨረታው መጣ፤ በስልክ መጣ። በቴሌግራም «የቦንጋና አካባቢዋ ያገለገሉ ዕቃዎች ጨረታ» የሚል ግሩፕ ተከፈተና ከተማው ተጠቃልሎ ገባበት። ከዚያ ወዲያ ቤቱን አገላብጦ ፎቶ ያላነሳ የለም። ክዳን የሌለው ድስት «በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ» ተባለ። ሦስት እግር ያለው ወንበር «መጠነኛ ጥገና የሚፈልግ» ተባለ። አንዱማ ሶፋውን ሲሸጥ «ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልወለቀም» ብሎ ኮራብን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላስቲክ ላይ ሲንሸራተት የኖረን ሰው ቢያዝኑለት እንጂ ሶፋውን ይገዙታል?

የግሩፑ ኃላፊ ጋሽ ተካ ናቸው። ጋሽ ተካ ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት ግዥና ንብረት ክፍል ጨርሰው በጡረታ የወጡ፣ ቅን፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ፣ ግን ያለ መመሪያ ውኃ የማይጠጡ ሰው ናቸው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ግሩፑን በከፈቱ በማግሥቱ አሥራ አራት አንቀጽ ያለው የጨረታ መመሪያ አወጡ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዲህ ይላል፦ «ከሦስት ያላነሱ ተጫራቾች ካልቀረቡ ጨረታው ይሰረዛል።» ልብ በሉልኝ፣ ይህ ሁሉ የሚጻፈው ስለ መንገድ ሥራ አይደለም፤ ስለ ባልዲ ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቀኝ እንጂ የሚያናድደኝ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተማሪ ፈተና እያረምኩ ስልኬን ከፈት ባደርግ ግን፣ ቡፌያችን ግሩፑ ውስጥ ቆሟል።

ቡፌ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ይኖር ይሆናል። ቡፌ ማለት ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ከመስታወት ጀርባ ተደርድረው የሚኖሩበት፣ የሳሎኑን ግማሽ የሚይዝ የእንጨት ቤት ነው። የእኛው ከዋንዛ የተሠራ ነው። እናቴ ለሠርጋችን የሰጠችን ነው። እንዴት ለየኸው ትሉኝ እንደሆነ፣ የታችኛው በር እጀታ ወልቆ በክር ማጠንጠኛ የተካሁት እኔው ራሴ ነኝ። እንደዚያ ያለ ሙያ ያለው ሌላ ሰው በካፋ ዞን የለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኩላሊቴን ታምሜ ጅማ ተኛሁ። ባለቤቴ እታገኝ ማንንም ሳታማክር ቡፌውን ሺሺንዳ ከተማ ላለች አንዲት ባለ ሆቴል ሸጠችና አሳከመችኝ። ድኜ ስመለስ ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። እታገኝ ግን አንድም ቀን «ለአንተ ስል» ብላ አንስታው አታውቅም። ስንጣላ እንኳ አታነሳውም። ያቺ ዝምታ ጨርሳኛለች። ያንን ባዶ ግድግዳ ላለማየት ወንበሬን አዙሬ ነው የምበላው። እና ያን ቅዳሜ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ይህን ቡፌ መልሼ ከቦታው ካላቆምኩ ባል ተብዬ አልጠራም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ለአዳነ መንገሬ ነው። አዳነ ባልደረባዬ ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል። ሁለት ነገር ለመንኩት፤ አንደኛ አንተ እንዳትጫረትብኝ፣ ሁለተኛ ለማንም እንዳትናገር። አንደኛውን አከበረልኝ። ሁለተኛው ከሰዓት በፊት ገበያ ደረሰ። በአማርኛ የተነሳው ወሬ በካፊኖኖ ገበያውን ዞሮ ማር ተራ ሲደርስ፣ እታገኝ ቡፌውን የሸጠችው የራሷን ኩላሊት ሰጥታኝ የሐኪም ክፍያ ጎድሎባት ነው ተብሎ ነበር። ከተማው ሁሉ አለቀሰ። ደግሞ ይህ ወሬ ሲያወራ የሚውል ከተማ፣ ነገሩ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንላት ብሎ ከእታገኝ ብቻ ደበቀው። ያልሰማች እሷ ብቻ ናት።

እሑድ ጨረታው ተከፈተ። ዋጋዬን ጻፍኩ። ወዲያው ከሥሩ የተጋጠሙ መዳፎችና ቀያይ ልቦች ዘነቡ። አንዱ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያሳካልዎ» ብሎ ጻፈ። ሌላው «በጸሎት እያሰብንዎት ነው» አለ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እኩል ጸለየልኝ፤ አንድም ሰው ግን አልተጫረተም። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ቁጭ ብያለሁ። ልክ አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ተካ ጻፉ፦ «በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የተጫራች ቁጥር ባለመሟላቱ ጨረታው የተሰረዘ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» ደሜ ፈላ። በአክብሮት ነው የሰረዙኝ!

ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ተካ በደንብ አስተናገዱኝ፤ ማር ቀርቦልኝ እየተናደድኩ በላሁ። ከእኔ ሌላ ማንም አልፈለገውም፣ ታዲያ ለእኔ ቢሰጡኝ ማን ይጎዳል አልኳቸው። መመሪያው አይፈቅድም አሉኝ። መመሪያውን የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት ብላቸው፣ ለዚህ ነው በደንብ የማውቀው አሉኝ። ማሻሻል አይቻልም? ይቻላል፣ በኮሚቴ። ኮሚቴውስ የታለ? ገና አልተቋቋመም። እንግዲህ ምን ይባላል? ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ እኮ ተሳድቤ እወጣ ነበር።

ሺሺንዳ ያለችው ባለ ሆቴል ጋ ደወልኩና በጨረታ ሳይሆን በቀጥታ ሽጪልኝ ብዬ ለመንኳት። ጋሽ ተካ የክርስትና አባቴ ናቸው፣ መመሪያቸውን ጥሼ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አለችኝ። ይባስ ብላ ሆቴሉን አፍርሳ ልትሠራ ስለሆነ ከአንድ አናጢ ቀብድ መቀበሏን ነገረችኝ። በሚመጣው እሑድ በድጋሚ የሚወጣው ጨረታም ከተሰረዘ፣ አናጢው ቡፌውን ሰነጣጥቆ ዋንዛውን ለበር ያውለዋል። የእናቴ ስጦታ፣ የእታገኝ መሥዋዕትነት፣ የአንድ የሺሺንዳ ሆቴል ሽንት ቤት በር ሊሆን ነው።

እንግዲህ ያን ሳምንት ያደረግሁትን ጠላቴም አያድርገው። በዝናብ፣ በጭቃ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ «እባካችሁ ተጫረቱብኝ» እያልኩ ለመንኩ። ለምኜ አላውቅም፤ የለመንኩት ደግሞ እንዲቃወሙኝ ነው! ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ ልጆቼን ባስተማሩ ሰው ላይ እኔ ልጫረት አለ። ልብስ ሰፊው ነውር ነው አለኝ። አንድ የቡና ነጋዴ ጭራሽ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ከፈለጉ እናዋጣልዎታለን እንጂ መጫረቱ ይቅርብን አለኝ። ገንዘብ ይሰጠኛል፣ በእኔ ላይ አንዲት ቁጥር መጻፍ ግን አይችልም። ይህን ደግነት ነው የምትሉት? እኔ ጭካኔ ነው የምለው። በጭቃ የተለወሰ ጫማዬን እያየሁ፣ ምነው አንድ ክፉ ሰው በዚህ ከተማ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

በመከራ ሁለት ሰው አገኘሁ። አንደኛዋ ጎረቤታችን እትዬ ጽጌ ናቸው፤ ሱቅ አላቸው። ኃጢአት እንደማይሆን ሦስት ጊዜ አስምለውኝ፣ አንዴ ብቻ ሊጽፉ ተስማሙ። ሁለተኛው አዳነ ነው። ምሥጢሬን ስለዘራ ዕዳ አለበት። እሱም አንዴ ይጽፋል፣ እኔ ከላዩ እጨምራለሁ፣ አንቀጽ ዘጠኝ ይሞላል፣ በቃ።

እሑድ ደረሰ። እትዬ ጽጌ «አምስት መቶ ብር፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» ብለው ጻፉ። እኔ ጨመርኩ። አዳነ ጨመረ። እኔ ደግሞ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ጋሽ ተካ ከመቼውም ይልቅ ደስ ብሏቸው «ውድድሩ ጤናማ በሆነ መንገድ እየተካሄደ ነው» ብለው ጻፉ፤ ሰዉም ለአዳነ ጭብጨባ ላከለት። አዳነ በሕይወቱ ተጨብጭቦለት አያውቅም። የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ማን ያጨበጭብለታል? ጨመረ። ደነገጥኩና ጨመርኩ። ጨመረ። ደወልኩለት፣ አያነሳም። ጨመርኩ። ጨመረ!

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰማዩ ተንጎዳጎደና ኔትወርኩ ጠፋ። የመጨረሻ ዋጋዬን ጽፌ ልኬያለሁ፤ ከጎኑ ያቺ ትንሽ የሰዓት ምልክት ቆማለች፣ አልሄደም። ስልኬን ይዤ በዝናቡ ወደ አስፋልቱ ዳገት ሮጥኩ፤ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚው ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን እያወለቀ አለፈ። ኔትወርኩ ሲመለስ የጋሽ ተካ መልእክት ቀድሞኛል፦ «አሸናፊ፣ መምህር አዳነ።» የእኔው ዋጋ ከሥሩ ገባ። ጋሽ ተካም መልስ ሰጡበት፦ «ዘግይቶ የቀረበ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም።»

አዳነ ማምሻውን ቤቴ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምን ነካህ ብዬ ብጮህበት፣ እሱም አላውቅም አለኝ፤ ስጨምር ደስ አለኝ፣ እንደዚያ ያለ ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም አለ። ገንዘቡ ግን የለውም። ከወር ደመወዙ ይበልጣል። እናም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ ዋጋ ሳይሆን፣ እሱ ስሜቱ ተነሥቶ ባደረሰው ዋጋ። ከተማው እስከ ዛሬ ድረስ ጨረታውን ያደመቀው አዳነ ነው ይላል። የእኔ ደም ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ቡፌው በአይሱዙ ከሺሺንዳ ሲመጣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ስድስት ሰው በጭቃው ተሸከመው። በበሩ አልገባ ብሎ የበሩ መቃን ተነቀለ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያ ሊያዋጣልኝ የነበረው የቡና ነጋዴ፣ አንድም ቁጥር ያልጻፉልኝ ሰዎች ሁሉ ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ ገፉት። ከቦታው ሲቆም እታገኝ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ደረሰች። እትዬ ጽጌ እልል አሉ። ጋሽ ተካ ሳይቀሩ ዕንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ። እታገኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ሰዉን ሁሉ አመሰገነች፣ እኔን ሳመችኝ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ።

ሰዉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር እታገኝ ወንበር ስባ ከቡፌው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እናትህ በመጡ ቁጥር ጣታቸውን በዚህ መደርደሪያ ላይ እያስኬዱ አቧራ ይፈልጉ እንደነበር ታውቃለህ አለችኝ። አላውቅም። ብርጭቆዎቹንስ ይቆጥሯቸው እንደነበር? አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየወለወልኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ውኃ አልጠጣሁባቸውም አለች። የእናትህን ስጦታ ከቤት እናውጣው ብልህ ታወጣው ነበር ወይ ስትለኝ፣ ምን ልበል፣ አላወጣውም ነበር። «ያኔ የልጅዎን ነፍስ ላትርፍ ብዬ ሸጥኩት ስላቸው ግን» አለች እታገኝ፣ «አቅፈው መረቁኝ። አንተዬ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በሰዓቱ ነበር የታመምክልኝ።»

እናቴ አሁን በሕይወት የለችም፤ ስለዚህ ይሸጥ ትሉ ይሆናል። እንዴት ተብሎ? ከተማው በሙሉ የጸለየበት፣ የገፋው፣ ያለቀሰበት ቡፌ ነው። ሰው በየእሑዱ እየመጣ ያየዋል፤ አንዳንዱ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ይህን ቡፌ ከቤት ለማውጣት አሁንም አንድ ሰበብ ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ደግሞ እታገኝ ከእኔ በፊት አስባዋለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ጎኔን ዳሰስ ታደርግና፣ በተስፋ ዓይን እያየችኝ፣ «ዛሬስ ምንም አያምህም?» ትለኛለች።