ክቡር መራጭና ሦስቱ የፊልም መያዣዎች

ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ መራጭ ይታዘዝለታል። ገዢ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መራጭ ግን ይኖራል።

ለአሮጌ ካሜራዎች ሱቅ ባለቤቷ የደረሷት ክቡር መራጭ፣ የመራጮች ሁሉ አለቃ ነበሩ። ሥራቸው አናጢነት ነው። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሆድ ያለው፣ የሣጥን ያህል ካሜራ በገዛ እጃቸው ሠርተዋል። የቀራቸው ከኋላው የሚሰካው የፈጣን ፊልም መያዣ ብቻ ነው፤ ፊልሙ በውስጡ ባሉት ጥንድ ብረቶች መሐል ተስቦ ሲወጣ ምስሉን እዚያው የሚሰጠው ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት አለ። ክቡርነታቸው ሦስት ሳምንት ፈጁበት።

አንዱን አንስተው «ይከብዳል» ይላሉ። ሁለተኛውን አንስተው «ቀለለ፤ የቀለለ ነገር ደግሞ አይታመንም» ይላሉ። ሦስተኛውን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ከፈት ዘጋ ያደርጉታል።

«ምን አለዎት?» ትላቸዋለች ባለሱቋ።

«ገና አልጨረሰም።»

ከዚያ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ እትዬ!» ብለው ይወጣሉ። በማግስቱ ከች!

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አማታቸው ሰባ ስምንት ዓመት ሲኖሩ አንድም ፎቶ አልተነሱም። «መልኬን ይዞብኝ የሚሄድ ሰው አልፈልግም» ባይ ናቸው። አሁን በስንት ልመና «እዚሁ ወጥቶ ካየሁት፣ ካስጠላኝም ከቀደድኩት፣ እሺ። ቅዳሜ ብቻ!» አሉ። ልጃቸው፣ የክቡር መራጭ ሚስት፣ በደስታ አለቀሰች። ፊልሙ ደግሞ የተገኘው ሦስት ፍሬ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ፤ መያዣው አልተመረጠም። ባለሱቋ ሱቋን ቆልፋ ሦስቱንም በዘንቢል ይዛ ተከተለቻቸው። «የመጣሁት ዕቃዬን ለመጠበቅ ነው» አለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

አማትየዋ መስኮቱ ሥር እንደ ዳኛ ተሰይመዋል። በከባዱ መያዣ የተነሳው ፎቶ ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ክቡር መራጭ የፊልሙን መሸፈኛ ሳይስቡ ነበር ያነሱት።

«መብራት ጠፍቶ ነው?» አሉ አማት።

በቀላሉ መያዣ የተነሳው ከጉልበት በታች ብቻ ወጣ።

«ጫማዬ ግን አምሮበታል።»

አንድ ፊልም ቀረ። ሚስትየዋ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ክቡር መራጭ ሦስተኛውን መያዣ ሰኩ፤ መሸፈኛውን ሳቡ። ፎቶ ማንሻው ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ ያለው ረጅም ቱቦ ነው። «እማዬ፣ አንዴ ይያዙልኝ፤ እንዳይጫኑት» ብለው አስያዟቸው። ከዚያ ተጠራጠሩ። አማታቸው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሁለቱን መያዣዎች አንስተው በቀኝና በግራ እጃቸው ይመዝኑ ጀመር።

«አንተ ሰው፣» አሉ አማት፣ «ሚስት እንዴት መረጥክ?»

ክቡር መራጭ ከልባቸው አሰቡ። «እሷ ናት የመረጠችኝ።»

አማትየዋ በሳቅ ሲፈርሱ ኳሱን ጨመቁት። ቀጭ!

ፊልሙ ተሳበ፣ ደቂቃው ተቆጠረ፣ ወረቀቱ ተላጠ። ፎቶው ላይ አማትየዋ ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ፤ ክቡር መራጭ ከጎናቸው እንደ ሚዛን እጆቻቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አማትየዋ ፎቶውን አገላብጠው አዩት።

«አይቀደድም» አሉ።

በእልልታው መሐል ባለሱቋ «እንግዲህ ምርጫው ታወቀ!» አለች።

«አይ እትዬ፣ ሳቁ ይሆናል እኮ ያሳመረው። ሰኞ መጥቼ ልየው።»

ሰኞ ጠዋት አንድ እንግዳ ሰው ገባና ሦስተኛውን መያዣ አነሳ። አልመዘነም፣ ጆሮው ላይም አላስጠጋም።

«ይሄን ስጪኝ።»

ባለሱቋ ከእጁ ቀስ ብላ ተቀበለችው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ እሱ አይሸጥም።»

«ተገዝቷል?»

«ኧረ የለም» አለች፣ በበሩ በኩል መንገዱን እያየች። «እየተመረጠ ነው።»